ዕድሜ ከገፋ በኋላ ለሚጀመር ሥራ፤ ፕራክቲካል ነርስነት ወይስ የኦፕራሲዮን ክፍል ሙያ?

ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው በቤተ ዘመዱ ዘንድ ሁሉን ዐዋቂ ተደርጎ መቆጠሩ የቆየ ልማድ ነው። መሐንዲስነት የሚማረው ልጅ ስለ ፍርድ ቤት ክርክር ይጠየቃል፤ ታሪክ የምታጠናውም የመድኃኒት ብልቃጥ እየቀረበላት «እስቲ ምን ይላል?» ትባላለች። በዚህ ዘመን ደግሞ ከጥያቄዎቹ አንዱ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ሆኗል። በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሚኒሶታ፣ በአትላንታ ወይም በዳላስ የሚኖሩት አክስታችን ወይም ታላቅ ወንድማችን ስልክ ይደውሉና፣ «ዕድሜዬ 45 አለፈ፤ እንዲህ ስባዝን ልኑር? ነርስነት ልማር ወይስ ያንን የኦፕራሲዮን ክፍል ትምህርት? መቼም አንተ የተማርህ ነህ፤ አንድ ነገር በለኝ» ይላሉ። የእኛ መልስ ብዙ ጊዜ «ሁለቱም ጥሩ ነው» የሚል ነው። ይህ ጨዋነት ሊሆን ይችላል፤ ምክር ግን አይደለም። ጠያቂው የሚከፍልበት የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ደመወዝና ተመልሶ የማይገኝ ዕድሜ ነውና፣ በዚህ ጽሑፍ ነገሩን ከሥሩ ለማየት አስበናል።

በመጀመሪያ ስሞቹን እናጥራ። በአሜሪካ ነርስ የሚባለው ሁለት ደረጃ አለው። ከፍተኛው ሬጂስተርድ ነርስ ሲባል ቢያንስ የሁለት ዓመት፣ ብዙ ጊዜም የአራት ዓመት የኮሌጅ ትምህርት ይጠይቃል። ከርሱ ቀጥሎ ያለው ፕራክቲካል ነርስ ነው፤ እዚያ ያሉት ወገኖቻችን በፊደላቱ ኤል ፒ ኤን ብለው ይጠሩታል። በካሊፎርኒያና በቴክሳስ ስሙ ቮኬሽናል ነርስ ይባላል እንጂ ሥራው አንድ ነው። ትምህርቱ አንድ ዓመት ያህል ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ የመላው አገር ፈተና አለ፤ ፈተናውን ያለፈ ሰው ከሚኖርበት ስቴት የነርሶች ቦርድ የሥራ ፈቃድ ይቀበላል።

ሁለተኛው ሙያ ሰርጂካል ቴክኖሎጂስት ይባላል። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ሲያደርግ ከጎኑ ቆሞ መቀሱን፣ መቆንጠጫውን፣ ክሩንና መርፌውን የሚያቀብለው ሰው ነው። ከዚህ ላይ ብዙ ወገኖቻችን የሚሳሳቱበት ነገር አለ። በአገራችን ሆስፒታሎች ይህን ሥራ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ነርስ ስለ ሆነ፣ የአሜሪካውንም ከተራ ነርስ ከፍ ያለ ነርስ አድርገው ይገምቱታል። ነገር ግን ቴክኖሎጂስቱ ነርስ አይደለም፤ የነርስነት ፈቃድ የለውም፤ ለበሽተኛ መድኃኒት መስጠትም የርሱ ሥራ አይደለም። ትምህርቱም ከነርስነት ጋር የተያያዘ መሰላል አይደለም። ይህን ሳያውቅ የተመዘገበ ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሬጂስተርድ ነርስነት ልለፍ ሲል እንደ አዲስ ከበሩ ይጀምራል።

ሁለቱም ሙያዎች የተወለዱበት ቦታ ጠባያቸውን ይገልጻል። ፕራክቲካል ነርስነት በትምህርት ቤት መሰጠት የጀመረው በ1892 በኒው ዮርክ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ ያን ጊዜ ትምህርቱ የሦስት ወር ነበረ፤ ዓላማውም ሕፃናትን፣ ሽማግሌዎችንና የአልጋ ቁራኞችን በቤታቸው መንከባከብ ነበረ። የኦፕራሲዮን ክፍል ሙያ ግን ያደገው በጦር ሜዳ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነርሶች ስላነሱ ወታደሮች እየሠለጠኑ ለሐኪሞች መሣሪያ ያቀብሉ ነበረ፤ ሙያተኞቹ የራሳቸውን ማኅበር ያቋቋሙት በ1969 ነው። እስከ ዛሬም አንዱ የአልጋ አጠገብ፣ ሁለተኛው የግዳጅ ሥራ ይመስላል።

የፕራክቲካል ነርስን ሥራ ለመረዳት በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ያለውን ፈረቃ ማሰብ ይበቃል፤ ከሦስቱ አንዱ ያህል የሚሠራው በዚህ ዓይነት ቤት ነውና። ነርሷ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ገብታ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ትወጣለች እንበል። በርሷ እጅ የሚወድቁት 20፣ አንዳንድ ጊዜም ከ30 የሚበልጡ ሰዎች ናቸው። መድኃኒት የተደረደረበትን ጋሪ እየገፋች ከክፍል ወደ ክፍል ትሄዳለች፤ ለአንዱ የደም ግፊቱን ለክታ ክኒኑን ትሰጣለች፤ ለሌላዋ የስኳሯን መጠን አይታ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ ብዙ ከመተኛት የመጣውን ቁስል ታጥባ ታሽጋለች፤ የሽንት ቱቦ ትመለከታለች። በዚህ መካከል የአንዱ ልጅ ከሌላ ከተማ ደውሎ አባቱ ለምን እንደ ከሳ ይጠይቃል፤ አንዲት አሮጊት ደግሞ ወደ ሞተው ባላቸው ካልሄድኩ ብለው በሩን ይይዛሉ። የሠራችውን ሁሉ ትጽፋለች፤ ያልተጻፈ ነገር እዚያ አገር እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ከርሷ በታች ያሉትን ረዳቶች ትቆጣጠራለች፤ እርሷ ደግሞ በሬጂስተርድ ነርስ ወይም በሐኪም ሥር ነች። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ በዚያ ቤት አይገኝም። ስለዚህ ትናንት ቀልድ ሲናገሩ የነበሩት ሽማግሌ ዛሬ ዝም ማለታቸውን ቀድሞ የሚያስተውል ዓይን የርሷ ነው፤ ለሐኪሙ ደውላ በአጭር ቃል ማስረዳትም የርሷ ፋንታ ነው።

ከዚህ ሥራ ላይ እጥበትና ማገላበጥም አለ። በተለይ ወንዶች ወገኖቻችን፣ ባንክ ቤት ሒሳብ ሹም የነበርኩ ሰው እንዴት የሰው ሽንት እይዛለሁ እያሉ ያፍሩበታል። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት መማራቸውን ለእንዲህ ያለው ሰው ማስታወስ አይከፋም፤ ይህ ግን በመንገድ ያነሣነው ነው።

የቴክኖሎጂስቱ ቀን ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ ገና ጎሕ ሲቀድ ሆስፒታል ይደርሳል። የዕለቱን ኦፕራሲዮን ዝርዝር አይቶ መሣሪያዎቹን ያሰናዳል፤ እጁን እስከ ክርኑ በብሩሽና በሳሙና ወይም በተመደበው ፈሳሽ ያጸዳል፤ ከጀርም የጸዳውን ልብስና ጓንት ይለብሳል። ከዚህ በኋላ እጁ ከወገቡ በታች አይወርድም፤ ያልጸዳ ነገርም አይነካም። አፍንጫው ቢያሳክከው እንኳ መታገሥ እንጂ ማከክ የለም። ኦፕራሲዮኑ ከመጀመሩ በፊት ከክፍሉ ነርስ ጋር ሆኖ ጎዙን፣ መርፌውንና መሣሪያውን አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ ሆዱ ከመዘጋቱ በፊት እንደገና ይቆጠራል፤ በመጨረሻም ይቆጠራል። አንድ ቁራጭ ጎዝ ከጎደለ ሁሉም ነገር ይቆማል፤ ፍለጋው ካላገኘው በሽተኛው በራጅ ይታያል። ይህን ቆጠራ ያላከበረ ሰው በሌላ ሰው ሆድ ውስጥ ጨርቅ ትቶ ሊወጣ ስለሚችል፣ እንደ ተራ ሥርዓት መታየት የለበትም።

ኦፕራሲዮኑ ሲጀመር ሐኪሙ ዓይኑን ከቁስሉ ላይ ሳያነሣ እጁን ይዘረጋል። ጎበዝ ቴክኖሎጂስት የሚባለው ስሙ የተጠራውን መሣሪያ የሚያቀብል ብቻ ሳይሆን፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ዐውቆ አስቀድሞ የሚይዝ ነው። መሣሪያዎቹ በፈጣሪዎቻቸው ስም ይጠራሉ፤ ኬሊ፣ ኮከር፣ አሊስ፣ ሜትዘንባም እያለ ብዙ መቶ ይሆናል። ተማሪው ከመመረቁ በፊት በ120 ኦፕራሲዮኖች ላይ መካፈል አለበት፤ ከነዚህም አብዛኞቹ ላይ ዋናው አቀባይ ሆኖ መቆም ይጠበቅበታል። በሽተኛው በማደንዘዣ ተኝቷልና ማጽናናትም፣ ከቤተ ሰብ ጋር መከራከርም የለም። ሰው የሚያደክመው፣ ነገር ግን የእጅ ሥራና ሥርዓት የሚወድ ሰው በዚህ ክፍል ውስጥ ደስታ ሊያገኝ ይችላል።

ስለ ቋንቋ አንድ ቃል እንጨምር። አነጋገሬ ስለማያምር ከሰው ጋር ብዙ የማልነጋገርበትን ኦፕራሲዮን ክፍል ልምረጥ የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ክፍል የሁሉም አፍ በጨርቅ የተሸፈነ ስለ ሆነ ከንፈር አይቶ መገመት አይቻልም፤ የመምጠጫው ማሽን ይጮኻል፤ ሐኪሙም ቃሉን ሁለት ጊዜ መናገር አይወድም። ፕራክቲካል ነርስ ብዙ መናገርና መጻፍ ሲያስፈልጋት ቴክኖሎጂስት ፈጥኖ መስማት ያስፈልገዋል። እንግሊዝኛን ዐዋቂ ሆኖ ለተማረ ሰው ይበልጥ የሚከብደው የትኛው እንደ ሆነ እያንዳንዱ ራሱን ይጠይቅ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ስልክ የሚደውሉት ዘመዶቻችን ቀድመው የሚያነሡት እርሱን ነውና። የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ የግንቦት 2024 ሒሳብ እንደሚያሳየው የፕራክቲካል ነርስ መካከለኛ ደመወዝ በዓመት 62,340 ዶላር፣ የሰርጂካል ቴክኖሎጂስት ደግሞ 62,830 ዶላር ነበረ። መካከለኛ ማለት ከሠራተኞቹ ግማሹ ከዚያ በላይ፣ ግማሹ ከዚያ በታች ያገኛል ማለት ነው። ልዩነቱ በዓመት 490 ዶላር ነው፤ በወር ሲካፈል ወደ 40 ዶላር ይሆናል። ስለዚህ በደመወዝ ብልጫ አንዱን ከሌላው የሚመርጥ ሰው ምርጫውን በባዶ ሚዛን መዘነ ማለት ነው።

ይልቅስ መታየት ያለበት የቦታው ብዛት ነው። በመላው አገር ያሉት የፕራክቲካል ነርስ ሥራዎች ከ600,000 ሲበልጡ፣ የሰርጂካል ቴክኖሎጂስት ሥራዎች ከ100,000 ትንሽ ከፍ ያሉ ናቸው። ነርሷ በመጦሪያ፣ በሆስፒታል፣ በሐኪም ቢሮ፣ በትምህርት ቤት፣ ወይም በበሽተኛ ቤት ልትቀጠር ትችላለች፤ ቴክኖሎጂስቱ ግን ኦፕራሲዮን ካለበት በስተቀር ሌላ ቤት የለውም። አንድ ወጣት ለሥራ ሲል ከተማ ሊለውጥ ይችላል፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስገባና የቤት ዕዳ የሚከፍል የ48 ዓመት ሰው ግን ከአለቃው ጋር ባይስማማ ሌላው በር በሰፈሩ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው።

የሥራው ሰዓትም እንዲሁ። መጦሪያ ቤት ሌት ከቀን የማይዘጋ ስለ ሆነ ነርሷ የሌሊቱን ወይም የቅዳሜና እሑዱን ፈረቃ ልትመርጥ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻም ልትሠራ ትችላለች። ብዙ ወገኖቻችን ባልና ሚስት እየተፈራረቁ ልጅ የሚያሳድጉት በዚህ ዘዴ ነው። መጥፎ ጎኑ፣ ተተኪዋ ስትቀር «እባክሽ ቆዪ» ተብላ 16 ሰዓት ሙሉ የምትሠራበት ቀን መኖሩ ነው። የቴክኖሎጂስቱ መደበኛ ሰዓት የቀን ነው፤ ይህ ያስደስታል። ነገር ግን በሆስፒታል የተቀጠረ ሁሉ ተራው ሲደርስ ለድንገተኛ ኦፕራሲዮን ተጠሪ ይሆናል፤ በሌሊት ስልኩ ሲጮኽ፣ በብዙ ሆስፒታሎች ደንብ፣ በ30 ደቂቃ ውስጥ መድረስ አለበት። የቤት ኪራይ ስለ ተወደደ ከከተማው አንድ ሰዓት ርቆ የሚኖር ሰው ይህን ደንብ ከመመዝገቡ በፊት ቢያስብበት ይሻላል።

አካልን በሚመለከት፣ ከሁለቱ አንዱ ቀላል ነው ብሎ የሚያስብ ተታሏል። ነርሷ ትመላለሳለች፤ ታነሣለች፤ ታጎነብሳለች፤ በወገቧ ትከፍላለች። ቴክኖሎጂስቱ ደግሞ አንድ ቦታ ቆሞ ይውላል። የአጥንት ኦፕራሲዮን በራጅ እየታየ ሲሠራ ከባድ የእርሳስ ሽርጥ ከልብሱ ሥር ይለብሳል፤ ለሰዓታት ሳይቀመጥ፣ ሳይጠጣ፣ ወደ ውጭ ሳይወጣ መቆየት አለበት። የእግር ሥር እብጠት፣ የጉልበት ሕመም ወይም ሽንት የሚያመላልስ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ ይቸገራል። ዓይንም ከ45 ዓመት በኋላ ክርን በመርፌ ላይ ለመለየት መነጽር ይፈልጋል። ነርሷ ግን አንድ ዕድል አላት፤ ወገቧ ሲደክም ከመጦሪያ ቤቱ ወጥታ ወደ ሐኪም ቢሮ ወይም ወደ ጽሕፈት ሥራ የምትሸጋገርበት መንገድ አለ። ቴክኖሎጂስቱም መሣሪያ ወደሚታጠብበትና ወደሚቀቀልበት ክፍል ሊዛወር ይችላል፤ ደመወዙ ግን ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል።

ትምህርቱን ስናነጻጽር፣ የሰርጂካል ቴክኖሎጂ ትምህርት ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ዛሬ ብዙ ኮሌጆች የሚሰጡት በሁለት ዓመት ዲግሪ ነው። ለምሳሌ ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩበት በሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ በታኮማ ፓርክ ግቢው ይህን ትምህርት ይሰጣል። ኦፕራሲዮን በአብዛኛው የሚደረገው በቀን ስለ ሆነ ተማሪውም ለልምምድ የሚፈለገው በቀን ነው፤ ይህም ማለት የቀን ሥራውን መተው ማለት ነው። በፕራክቲካል ነርስነት ግን የማታና የቅዳሜ እሑድ ክፍል ያላቸው ትምህርት ቤቶች ይገኛሉ።

ከዚህ ላይ ለእኛ ዓይነቱ አንባቢ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። የአሜሪካ መንግሥት ለድኻ ተማሪ የሚሰጠው፣ ተመልሶ የማይከፈለው የፔል ድጎማ የዕድሜ ገደብ የለውም፤ ግሪን ካርድ ያለውም ያገኛል። ነገር ግን የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ለእነዚህ ትምህርቶች አያገኘውም፤ ዲግሪው ከአዲስ አበባም ይሁን ከጎንደር ያው ነው። ስለዚህ በአገሩ ዲግሪ ይዞ የሄደው ታላቅ ወንድማችን፣ 12ኛ ክፍል ብቻ ከጨረሰው ጎረቤቱ ይልቅ በራሱ ኪስ ወይም በብድር ሊማር ነው። «ለጎረቤቴ ነፃ ነበረ» ብሎ የተነሣ ሰው መንገድ ላይ እንዳይቀር ይህን አስቀድመን ልንነግረው ይገባል። በአገሩ ነርስነት የተማረ ሰው ደግሞ ከነጭራሹ ወደ ፕራክቲካል ነርስነት ክፍል መግባት የለበትም፤ የትምህርት ማስረጃውን አስመርምሮ በቀጥታ ለሬጂስተርድ ነርስ ፈተና ለመቀመጥ የሚያስችለው መንገድ ቀድሞ መሞከር አለበት።

ስለ ዕድገት ከላይ ጠቅሰናል። ፕራክቲካል ነርስ እየሠራች በመሸጋገሪያ ትምህርት ወደ ሬጂስተርድ ነርስነት ልትወጣ ትችላለች፤ የዚያ መካከለኛ ደመወዝ በ2024 ዓመታዊ 93,600 ዶላር ነበረ። ቴክኖሎጂስቱ በተጨማሪ ትምህርት የሐኪሙ አንደኛ ረዳት ሊሆን ይችላል፤ ይህም የተከበረ ቦታ ነው፤ ግን ጠባብ ነው። ደግሞም በ47 ዓመቱ ትምህርት ጀምሮ በ49 የጨረሰ ሰው፣ በ1960 ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ ከሆነ ሙሉ ጡረታ የሚያገኘው በ67 ዓመቱ ስለ ሆነ፣ 18 ዓመት የሥራ ዘመን ይቀረዋል። 18 ዓመት አጭር አይደለም። በነዚህ ዓመታት አንድ ደረጃ የሚያስወጣ መሰላልና በሰውነት መድከም ጊዜ የሚያስቀይር በር ያለው ሙያ የበለጠ ይጠቅመዋል።

ስለዚህ የእኛ ፍርድ ይህ ነው፤ ዕድሜው ከ40 ላለፈና ቤተ ሰብ ለሚያስተዳድር ሰው፣ በአብዛኛው ፕራክቲካል ነርስነት ይሻላል። ለሆስፒታል ቅርብ ሆኖ የሚኖር፣ እግሩ የጸና፣ ለሁለት ዓመት የሚደግፈው ባለቤት ያለው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየቀኑ ሰው ሲደክምና ሲሞት ማየት የማይችል ሰው ግን ኦፕራሲዮን ክፍልን ቢመርጥ አንቃወምም። የሰውን እርጅና ሳይወዱ ለደመወዙ ሲሉ ብቻ በመጦሪያ ቤት የሚቆዩ ነርሶች አሉ፤ የሚጎዱት እነርሱ ብቻ አይደሉም።

ከሁለቱ ሙያዎች ምርጫ ይልቅ ሰውን የሚጥለው ግን የትምህርት ቤቱ ምርጫ ነው። በጥር 2023 የአሜሪካ መንግሥት በፍሎሪዳ የነበሩ ሦስት የነርስ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 የሚበልጡ የሐሰት ዲፕሎማዎች መሸጣቸውን አስታውቆ 25 ሰዎችን ከሰሰ፤ ከተሸጡት መካከል የፕራክቲካል ነርስም ነበረበት። ገንዘባቸውን ከፍለው ወረቀቱን የገዙት ሰዎች ብዙዎቹ ፈቃዳቸውን አጡ። ይህ የለየለት ማጭበርበር ነው። ከዚህ በታች ደግሞ ሕጋዊ ሆነው ሳለ ብዙ የሚያስከፍሉና ጥቂት የሚያስተምሩ አሉ፤ በተለይ የዐዋቂ ተማሪን ችኮላ ያውቃሉና «በአጭር ጊዜ፣ ያለ መግቢያ ፈተና» እያሉ ይጠሩታል።

ስለዚህ አክስታችን ሲደውሉ፣ ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት የሚከተለውን እንዲያደርጉ እንንገራቸው። ለነርስነት ከሆነ ትምህርት ቤቱ በስቴቱ የነርሶች ቦርድ የጸደቀ መሆኑን ከትምህርት ቤቱ አፍ ሳይሆን ከቦርዱ መዝገብ ላይ ይዩ፤ ከተማሪዎቹ ስንቱ በመጀመሪያው ሙከራ ፈተናውን እንዳለፈ ቦርዶቹ በየዓመቱ ያወጣሉ። ለኦፕራሲዮን ክፍል ከሆነ ትምህርቱ በሙያው አጽዳቂ አካል የታወቀ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ካልታወቀ ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ለሙያው የምስክር ወረቀት ፈተና አይቀመጥም፤ ብዙ ሆስፒታሎችም ያለዚያ ወረቀት አይቀጥሩም። ከዚያም ሁለት ጥያቄ ይጨምሩ። ባለፈው ዓመት ከገቡት ስንቱ ጨረሱ? የልምምዱን ሆስፒታል የሚያገኘው ትምህርት ቤቱ ነው ወይስ ተማሪው ራሱ? በሁለተኛው ጥያቄ ላይ መዝጋቢው ከተንተባተበ ስልኩን ዘግተው ወደሚቀጥለው ትምህርት ቤት ይደውሉ።